ካርታ መሬት ላይ ወዳነጠፍኩበት ከተማ

ማክሰኞ

ከአዳማ ማንንም ሳልሰናበት ተነሳሁ ብል ውሸት ይሆናል። ለጎረቤቴ ልጅ ዶሮዎቼን አደራ ብያታለሁ። ሌላውን ሰው ያልተሰናበትኩት ግን ሆን ብዬ ነው። ጡረታ በወጣሁበት ትምህርት ቤት አብሮኝ ያስተምር የነበረ አንድ ሰው፣ ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል፣ «ሁሉም ነገር ስልክ ላይ እያለ ካርታ ማንበብ ለማስተማር ያን ያህል መንገድ ይኬዳል?» ብሎኛል። ይኸው ሰው አምና ሞጆ ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ፣ የስልኩ ባትሪ መንገድ ላይ አልቆበት፣ የማያውቀው ሰው ሠርግ ቤት ገብቶ ፊቱን አጨልሞ መቀመጡን ሰፈሩ በሙሉ ያወራል። ያኔ አልመለስኩለትም። መልሴ ይህ ጽሑፍ ነው።

የጠራችኝ ሀያት ናት። መካነ ሰላም ሳስተምር ስምንተኛ ክፍል ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ጥያቄ የማታጣ ልጅ ነበረች። ዛሬ እዚያው ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ታስተምራለች። የቱ ትምህርት ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ ግድግዳው ምን አደረገኝ። በስልክ እንዲህ አለችኝ።

«ቲቸር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ካርታ አስይዤ ሜዳ አወጣቸው ነበር። የወላጆች ኮሚቴው ቀኑ ለማጠናከሪያ ትምህርት ይሁን ብሎ ሊያስቆመኝ ነው። ስለምናቸው አንድ ፈተና ፈቀዱልኝ። ልጆቹ ከማያውቁት ቦታ ተነስተው፣ ሰው ሳይጠይቁ፣ በካርታ ብቻ ከቀትሩ የዙህር አዛን በፊት ትምህርት ቤት ከደረሱ ትምህርቱ ይቀጥላል። ካልደረሱ ይቀራል። ይምጡና ያዘጋጁልኝ።»

«የኮሚቴው ሰብሳቢ ማነው?»

«ጋሼ ደምሰው ናቸው» አለች።

ስልኩን ሳልዘጋ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ጎተትኩ።

አቶ ደምሰው በእኔ ጊዜ ዳይሬክተር ነበሩ። ክፍሌ ውስጥ የአገራችን ካርታ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። ልጆቹን «ሰሜን በየት ነው?» ስላቸው ጣሪያውን ያሳዩኛል። አልፈርድባቸውም፤ ካርታው ላይ ሰሜን ወደ ጣሪያ ነዋ። አንድ ቀን ካርታውን አወረድኩት፤ ወለሉ ላይ አነጠፍኩት፤ የካርታውን ሰሜን ከእውነተኛው ሰሜን ጋር አገጣጠምኩና ልጆቹን ጫማ አስወልቄ ዙሪያውን አቆምኳቸው። «አባይ በየት ነው?» አልኩ። ሁሉም በመስኮቱ አሻግረው ወደ ምዕራብ ጠቆሙ። አባይ በእርግጥም እዚያ ነው፤ ሁልጊዜም እዚያ ነበር፤ ልጆቹ ያወቁት ግን በዚያች ደቂቃ ነው። ከደስታቸው የተነሳ ሀያት ሳታስበው አንድ እግሯን ባሌ ላይ ሌላውን ሲዳሞ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር። አቶ ደምሰው በሩን የከፈቱት ያኔ ነው።

«የአገር ካርታ ይረገጣል?» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሴሚስተሩ ሳያልቅ ወደ ቆላ ተዛወርኩ። ከዚያ ወዲያ የኖርኩባቸው ከተሞች ብዙ ናቸው። ሁሉም ይሞቃሉ።

ረቡዕ

አዲስ አበባ ወንድሜ ቤት አድሬ ማለዳ ወደ መናኸሪያ ወጣሁ። የወንድሜ ሚስት «በዚህ ዕድሜሽ የወሎ ገደል ውስጥ ምን ልትሆኚ ነው?» አለችኝ። ይህቺ ሴት «በዚህ ዕድሜሽ» ማለት የጀመረችው ገና ጠጉሬ ጥቁር ሳለ ነው። ማታ ያቀረበችልኝ ጎመን እንደ ወትሮው ጨው በዝቶበት ነበር። በላሁት።

አውቶቡሱ ላይ ረዳቱ «እማማ፣ ኋላ ክፍት አለ» ብሎ ወደ መጨረሻው ወንበር ሰደደኝ። መስኮት ዳር የነበረውን የፊት ወንበር መነጽር ላደረገ ጎረምሳ ሰጠው፤ ጎረምሳው ደጎሎ እስክንደርስ ተኛበት። እኔ ኋላ መቀመጤ በጀኝ። ጎኔ የነበሩት ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የወረኢሉ በግ ነጋዴ ናቸው። ከተማውን ሳንለቅ ዳቦ ቆርሰው ሰጥተውኛል፤ አዳማ ውስጥ ሰው ጎኑ ላለ ሰው ዳቦ የሚቆርሰው ከተዋወቀ በኋላ ነው።

ለሚን አልፈን የጀማ ገደል ሲመጣ ቦርሳዬን ከፍቼ አሮጌ ካርታዬን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። ሐጂ አንገታቸውን አሰገጉ።

«እትዬ፣ ይህ የምንድን ነው? የአውራ ጣት አሻራ ይመስላል።»

«ኮንቱር ይባላል፤ የከፍታ መስመር ነው። ይህ ገደል እስከ አፉ ውሃ ቢሞላ፣ ከዚያ ውሃው ትንሽ ትንሽ እየጎደለ ቢሄድ፣ በቆመበት በቆመበት ሁሉ ዳርቻው ላይ ምልክት ይተዋል አይደል? ያ ምልክት ነው ይህ መስመር። መስመሮቹ ሲራራቁ መሬቱ ሜዳ ነው። ሲጠጋጉ ዳገት ነው። ሲነካኩ ገደል ነው።»

«አሁን እኛ የት ነን?»

በጣቴ አሳየኋቸው። ካርታውን አዩ፤ በመስኮት ወደ ታች አዩ፤ ካርታውን ደግመው አዩ።

«ያረቢ» አሉ ዝግ ብለው። «ተነካክተዋል።»

ከዚያ በኋላ አውቶቡሱ የሐጂ ሆነ። ካርታዬን ወስደው መስመር ሊጠጋጋ በቀረበ ቁጥር «ያዙ ወገን፣ ሊጠብ ነው» ይላሉ፤ ኋላ ያለነው ሁላችን የፊታችንን ወንበር ጨብጠን እንጠብቃለን፤ አውቶቡሱም ይጠመዘዛል። ጀማን ወርደን ወጣን፤ ዓለም ከተማ ሽሮ በላን፤ የወንጪት ገደል ላይ ስንደርስ ተሳፋሪው ራሱ «ሐጂ፣ አሁንስ?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት «አሁን ይስፋልን» ስትል ሐጂ «ደጎሎ ላይ ይሰፋል፣ አብሽሪ» አሏት። ሰፋም። የጃማ ወረዳ ሜዳ ስንዴና ገብስ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ጠበቀን። ዕድሜዬን በሙሉ ኮንቱር ሳስተምር እንደዚያ አውቶቡስ የገባው ክፍል አላጋጠመኝም።

አውቶቡሱ ደጎሎ ስለሚያድር አልጋ ያዝኩ። አዳማ ሰው የአልጋ ክፍል ሲይዝ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ማራገቢያ ነው። እዚህ የሚጠየቀው ስለ ብርድ ልብስ ነው። የክፍሌ በር አልዘጋ ብሎ ባለቤቲቱ በገመድ አሰረችልኝ፤ ገመዱ ስለሚፈታ ደግሞ የራሷን ሻንጣ አምጥታ አስደገፈችው። «ሻንጣዬ እርስዎ ዘንድ ካደረ እኔም ልብ ብዬ እጠብቃለሁ» አለች። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ጠዋት ስወጣ እውነትም ከደጄ ወንበር ላይ ተጠቅልላ ተቀምጣለች።

ሐሙስ

ወረኢሉ ላይ ሐጂ ሰይድ ወረዱ። ካርታዬን ይዘው ሊወርዱ ነበር፤ ረስተው ነው ልበል። ለሾፌሩ «አንድ ጊዜ ቁም» ብለው ቤታቸው ልጅ ልከው ለእኔና ለረዳቱ የተቆላ ባቄላ አስመጡ። ረዳቱ ባቄላውን እኔ ያስመጣሁለት ይመስል አመሰገነኝ። ባቄላውን ተካፈልን፤ የፊቱን ወንበር ግን አልረሳሁለትም።

ጉጉፍቱ መኪና ለመቀየር ወረድን። ብርዱ በአፍ አይነገርም። አንዲት የሻይ ቤት ሴት አዳማ ለብሼው የምወጣውን ነጠላ በሁለት ጣቷ አንስታ አየችና «ይህ ለምኑ ነው እትዬ?» አለችኝ። ወፍራም የበግ ጠጉር ባና አምጥታ ትከሻዬ ላይ ጣለችብኝ። ከደሴ የሚመጣው ሚኒባስ እስኪደርስ በሰው ባና ተጀቡኜ ሻይ ጠጣሁ። ስሄድ ልመልስላት ስል «ለመካነ ሰላም ሰው ይስጡልኝ፤ እሑድ ወንድሜ ያልፋል፣ ያመጣልኛል» አለች። የማታውቀኝን ሰው ባና አልብሳ ሰደደችኝ። እኔ ጎረቤቴ ድስት ሲዋስ በር ላይ ቆሜ የምጠብቅ ሰው ነኝ።

አቀስታን አልፈን ከሰዓት በኋላ መካነ ሰላም ገባን። ሀያትና እናቷ ወይዘሮ ዘሐራ መናኸሪያው ላይ ቆመዋል። ከተማው አድጓል፤ ፎቅ አብቅሏል፤ የድሮ ቤቴ የነበረበት ቦታ ላይ ባንክ ቆሟል። ወይዘሮ ዘሐራ ጉንጬን ስመው ስመው ሲጨርሱ «ቀጥነዋል፤ ቆላ ሰው አያበቅል» አሉ። ለዚያ ዝውውር እስከ ዛሬ የተሰጠ ትክክለኛ ፍርድ ይህ ነው።

ዓርብ

ለፈተናው የተመረጡት ሦስት ልጆች ናቸው። ሰሚራ ብዙ አታወራም፤ ስትናገር ጨርሳ አስባ ነው። ትርንጎ ሁለቱን ልጆች የሚያህል ታወራለች። አብዱ ረጅም ነው፤ ካርታውን ሳያይ መራመድ ይወዳል። ሀያት በደንብ አስተምራቸዋለች። የካርታ መስፈርት ያውቃሉ፤ በጣታቸው አንጓ ለክተው ከምንጩ እስከ ገበያው ስንት እንደሚሄድ ይነግሩሃል። ምልክቶቹን የሚያስረዳውን የካርታ መፍቻ ያነባሉ።

ችግሩ ካርታው ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ ቅጂ ስለሆነ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ታድሏል። ዋናው ካርታ ላይ ወንዝ ሰማያዊ፣ መንገድ ቀይ፣ ኮንቱር ቡኒ ነው። ኮፒው ላይ ሁሉም ጥቁር ሆኗል። ኮምፓስ ደግሞ የለም፤ አንድ ነበር፣ መርፌው ሰንፎ ወደ ፈለገበት ያያል። ስልክ በፈተናው ሕግ ተከልክሏል።

«ፀሐይ አለልን» አለች ትርንጎ።

«ደጋ ላይ ጥቅምትም ቢሆን ፀሐይን አትመኚ» አልኳት።

ከሰዓት በኋላ አቶ ደምሰው መጡ። ጠጉራቸው ነጥቷል፤ ጫማቸው እንደ ድሮው ያበራል። አጎንብሰው ጨበጡኝ።

«ወይዘሮ ስንዱ፣ እንኳን ደህና መጡ። አየሩ አልከበድዎትም?»

«አየሩ ድሮም ይስማማኝ ነበር ጋሼ። የማይስማማኝ ሌላ ነበር።»

ሀያት ሳል ያዛት። አቶ ደምሰው የነገውን ሕግ ደገሙልን። እሳቸውና እኔ ታዛቢ ሆነን ከኋላ እንሄዳለን። ልጆቹን መርዳት ለሁለታችንም ክልክል ነው።

«እኔ መርዳት አይከብደኝም፤ ያለመርዳት እንዴት ነው የሚሆነው?» አልኩ።

«እኔ አሳይዎታለሁ» አሉ። ይህን ሲሉ እውነት እንደተናገሩ የገባቸው አልመሰለኝም።

ቅዳሜ

የኮሚቴው አባል የሆኑት የጨርቅ ነጋዴዋ ወይዘሮ ፋጡማ የዕቃ መኪናቸውን ሰጡን። ልጆቹ መንገዱን እንዳያዩ ሸራው ውስጥ ተቀመጡ። ከአቀስታው መንገድ ገባ ብሎ፣ ገብስ መሃል አወረደንና መኪናው ተመለሰ። እኛ ታዛቢዎች መነሻው ቦታ የት እንደሆነ ካርታው ላይ አሳየናቸው። ከዚያ ወዲያ አፋችን ተለጎመ።

«መንገዱ ይኸው» አለ አብዱ፤ ካርታው ላይ አንድ ጥቁር መስመር በጣቱ ተከተለ። «በሸንተረሩ ሥር ወደ ምዕራብ ይሄዳል። እንከተለው።» ሄደ። ሴቶቹ ተከተሉት። እኔ መስመሩን አይቼዋለሁ፤ ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ። እንደዚያ ዝም ያልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ትንሽ እንደሄድን መሬቱ እግር መያዝ ጀመረ። ሣሩ ረግረግ ነበር፤ ክረምቱ የተወው ውሃ ሥሩ ተኝቷል። አብዱ ዘለለ። ልጆቹ ዘለሉ። እኔ የቆላ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ። አቶ ደምሰው በዚያ በሚያበራ ጫማቸው ሲረግጡ መሬቱ ዋጠው፤ እግራቸውን ሲያወጡ ካልሲው ብቻ መጣ። ፊቴን ወደ ገብሱ አዙሬ እሸቱን ሳደንቅ ቆየሁ። ረጅም ጊዜ ነው ያደነቅኩት።

ትርንጎ ካርታውን ከአብዱ ነጥቃ ቁጢጥ አለች።

«ቆዩ፣ ቆዩ። ይህ መስመር ኮንቱሮቹን ባቋረጠ ቁጥር ኮንቱሩ ወደ ከፍታው በኩል ሹል ይሠራል፤ እዩት፣ እዚህም፣ እዚህም፣ እዚህም። መሬቱ ሸለቆ ሆኖ ነው እንደዚያ የሚሆነው። አብዱ፣ የያዝከው መንገድ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እግርህን ጠይቀው።»

ጅረት ነበር። ቀለሙ የጠፋበት ካርታ ላይ ጅረትና መንገድ መንትያ ናቸው፤ የሚለያቸው ኮንቱሩ ነው። አብዱ ራሱ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲያ ሳያይ መራመድ ተወ።

«ተሳሳቱ እንግዲህ» አሉ አቶ ደምሰው ጫማቸውን በሣር እየጠረጉ።

«ስህተታቸውን አገኙት» አልኩ።

ከስንት ዘመን በኋላ ስለ ትምህርት የተነጋገርነው ይህንን ነው።

ደረቁን መሬት ይዘን ወደ ላይ ስንወጣ ጉሙ መጣ። የደጋ ጉም ቀስ ብሎ አይመጣም፤ ሰው በሩን እንደሚዘጋ ነው። ተራራው ጠፋ፣ ፀሐይ ጠፋች፣ አብዱ ራሱ አምስት ክንድ ርቆ ሲቆም ጥላ መሰለ። ልጆቹ ካርታውን ወዲህም ወዲያም አዞሩት። ሰሜን የት እንደሆነ የማያውቅ ሰው እጅ ላይ ካርታ ወረቀት ነው። አቶ ደምሰው ሰዓታቸውን አዩ፤ ደስ ያላቸው አልመሰለኝም፣ ያዘኑም አልመሰለኝም።

በጭላንጭል እየተጓዙ አንድ ትንሽ መስጊድ ደረሱ። በሩ ተዘግቷል፤ ሰው የለም። ሰሚራ ዙሪያውን ዞረችው። ግድግዳው በአንድ በኩል እንደ ጎጆ ክብ ሆኖ ወደ ውጭ ወጥቷል፤ ኢማሙ ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ማለትም ወደ መካ አቅጣጫ፣ አድርጎ የሚቆምበት ነው። እዚያ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ቆመች፤ ፊቷን ግድግዳው ወደሚያይበት አደረገች።

«ካርታውን ስጡኝ» አለች።

መሬት ላይ አነጠፈችው፤ የካርታውን ሰሜን ክቡ ግድግዳ ወደሚያይበት አዞረችው።

«መካ ከእኛ አገር ወደ ሰሜን ናት። ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ትላለች፤ ሉሉ ላይ በክር ለክተነዋል። ስለዚህ ሰሜን ይኸው ነው። አሁን ዝም በሉ።»

ዝም አልን። ጉሙ ውስጥ ውሃ ይሰማል።

«ውሃው በግራችን ነው። በምዕራብ ማለት ነው። ካርታው ላይ ሁለት መስጊድ አለ። የአንዱ ጅረት በምሥራቁ ነው፤ የአንዱ በምዕራቡ። ያለነው እዚህ ነው።»

ጣቷ ያረፈበትን አየሁ። ልክ ነበረች። ትርንጎ «ቤተ ክርስቲያን ቢሆን ኖሮ እኔ ሁልጊዜ በስተምሥራቅ በሚሠራው ቤተልሔም ምሥራቅን አገኘው ነበር» አለች፤ ሰሚራ «በሚቀጥለው ጉም ያንቺ ተራ ነው» አለቻት። አቶ ደምሰው ካርታው መሬት ላይ ተነጥፎ ልጆቹ ዙሪያውን ቆመው ሲያዩ፣ እኔ ደግሞ እሳቸውን አየሁ። እሳቸውም አጎነበሱና አዩ።

መንገዱ ከዚያ ወዲያ በሠመረልን ነበር፤ የወሎ ሰው ባይኖር። ቁልቁለቱን ስንጨርስ አንድ ሽማግሌ ከግቢያቸው ወጡ። አባ ይማም ይባላሉ።

«አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ዋላችሁ፣ ደህና ናችሁ፣ ወዴት ነው በጉም?»

ልጆቹ ሰላምታውን በወጉ መለሱ። አብዱ «መካነ ሰላም ነው አባባ» አለ።

«መካነ ሰላምማ...» ብለው እጃቸውን ሲያነሱ ሦስቱም ልጆች ጀርባቸውን አዙረው ጆሯቸውን በእጃቸው ደፈኑ።

«ምን ነካቸው?» አሉኝ አባ ይማም፤ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ፈተና ላይ ናቸው አባባ። መንገድ መጠየቅ ክልክል ነው።»

«ማነው የከለከለው?»

በአገጬ ወደ አቶ ደምሰው ጠቆምኩ። አባ ይማም ከፀጉራቸው እስከ ጭቃማው ጫማቸው አዩዋቸው።

«እሳቸውም ሳይጠይቁ ቀርተው ነው እንዲህ የሆኑት» አሉ።

መንገድ መንገር ከተከለከሉ ታዲያ ማብላት አልተከለከሉም። ሚስታቸው ደጁን ይዘው ቆመዋል፤ አልፎ መሄድ የሚባል ነገር የለም። ገብተን ተቀመጥን። የባቄላ ንፍሮ፣ የተጠበሰ የገብስ እሸት፣ አይብ ቀረበ። ሥጋ የለበትምና ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ሞሰብ በላን። አዳማ በሰው ቤት እንዲህ ብገባ ልጠይቅ የመጣሁትን ነገር እስክናገር ይጠብቁኝ ነበር። እዚህ የሚጠብቁት እስክጠግብ ነው። ልጆቹ ቶሎ ቶሎ ጎርሰው ጨረሱ። ዓይናቸው በር ላይ ነው፤ ግን አይነሱም። እዚያ አገር ከማዕድ በኋላ ታላቁ እንግዳ ሳይመርቅ ታናሽ አይነሳም። ታላቁ እንግዳ ደግሞ አቶ ደምሰው ናቸው።

አባ ይማም «እንግዲህ ይመርቁን» አሏቸው።

አቶ ደምሰው ንግግር ሲወዱ ድሮም አውቃለሁ፤ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ልጆች ፀሐይ ሲበላቸው አይቻለሁ። መዳፋቸውን ዘረጉ። ቤቱን መረቁ። በሬውን መረቁ። ዝናቡን መረቁ።

«አሚን» አልን።

የባቄላውን ማሳ መረቁ፣ ያገቡትን መረቁ፣ ያላገቡትን መረቁ፣ አረብ አገር የሄዱትን መረቁ። ልጆቹ «አሚን» ማለት እያፈጠኑ መጡ፤ አብዱ ምርቃቱ አፋቸው ላይ ሳለ «አሚን» እያለ ይቀድማቸዋል። ትርንጎ በየአሚኑ መካከል በቂጧ ወደ በሩ ትንሸራተታለች። አቶ ደምሰው ይህ ሁሉ የልጆቹ ጨዋነት መስሏቸው ሞቅ አላቸው፤ ለትምህርት የሚተጉትን ወጣቶች መረቁ፤ መንገዳቸው የቀና እንዲሆን መረቁ። እኔ ሳቄን ይዤ እንባ ወጣኝ። የአባ ይማም ሚስት «ልባቸው የሚነካ ሴት ናቸው» አሉ ስለ እኔ።

ወጣንና ልጆቹ ሮጡ ማለት ይቻላል። ጉሙ ተገፎ ነበር፤ ካርታው ያለው ሁሉ በቦታው ተገኘ። የከተማው ቆርቆሮ ከታች ሲያብለጨልጭ ግን የዙህር አዛን ተሰማ። ሰሚራ ቆመች። ትርንጎ ሮጣ ሮጣ ደክማ መንገዱ ላይ ተቀመጠች። አብዱ «ደረስን እኮ» አለ ለማንም ሳይሆን። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሀያት ቆማለች፤ ከፊቷ ምን እንደሰማች ገባኝ።

ኮሚቴው አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀን። ወይዘሮ ፋጡማ ጀመሩ።

«ልጆቹ ሰው ጠየቁ?»

«አልጠየቁም» አልኩ። አቶ ደምሰውም «አልጠየቁም» አሉ።

«መንገድ ሳቱ?»

«አንድ ጊዜ። ራሳቸው አገኙት» አልኩ።

«ታዲያ ለምን ዘገዩ?»

ልጆቹ መሬት መሬት ያያሉ፤ ትልቅ ሰው ላይ መናገር ነውር ነው። ሀያት እኔን ታያለች። አፌ ሞልቶ ነበር፤ ለዓመታት ተጠብቆ የቆየ ነገር ነው የሞላው። ግን አልተናገርኩም፤ ሕጉ ታዛቢ አይረዳም ነው። እሳቸው ራሳቸው ሲናገሩ መስማት ፈለግኩ። ካልተናገሩ ሀያት ቅዳሜዋን ታጣለች፤ እኔም ስለ እሳቸው ያመንኩትን ሁሉ ይዤ አዳማ እገባለሁ። ሁለቱም የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

አቶ ደምሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አባ ይማም ቤት ምሳ ተጋብዘን» አሉ።

«ልጆቹ ምግብ ላይ ቆዩ?»

«ልጆቹ ቶሎ ጨርሰዋል።»

«ታዲያ?»

«ስመርቅ ነበር» አሉ አቶ ደምሰው። ድምፃቸው ትንሽ ነበር።

ወይዘሮ ፋጡማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከኋላ አንድ ሰው «ሙሉውን?» አለ። ያኔ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ፤ አብዱ ወንበሩን ይዞ ተደፋ። የሚገርመው አቶ ደምሰውም ሳቁ። ሲስቁ ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም፤ ጥርሳቸው ደህና ነው። ሳቁ ሲበርድ «ልጆቹ በካርታው ደርሰዋል። ያዘገየኋቸው እኔ ነኝ። ቅዳሜ የወይዘሪት ሀያት ነው» አሉ። ማንም አልተቃወመም። ሀያት ሦስቱን ልጆች አንድ ላይ አቀፈቻቸው፤ ትርንጎ እዚያም መሃል ታወራ ነበር።

ከዚያ ወይዘሮ ፋጡማ ሌላ ነገር አነሱ። ትምህርቱ ከቀጠለ ሌሎቹም ክፍሎች ይፈልጋሉ፤ ያንን ሁሉ ልጅ ሀያት ብቻዋን ሜዳ ማውጣት አትችልም፤ አንድ የሚያውቅ ሰው ቢያንስ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያስፈልጋል። ሁሉም ዞረው ሰብሳቢውን አዩ። አቶ ደምሰው እጃቸውን እያሹ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ወይዘሮ ስንዱ፣ እዚሁ ቢቆዩልን።»

ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው።

«ምን አሉኝ ጋሼ?»

«እዚህ... ከእኛ ጋር ቢያስተምሩልን።»

«ጉሙ ጆሮዬን ዘግቶታል መሰለኝ።»

አቶ ደምሰው ቀና አሉ። ገባቸው። ኮሚቴው፣ ልጆቹ፣ በሩ ላይ የተሰበሰበው ተማሪ ሁሉ እየሰማ፣ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ሲናገሩ በነበረው በዚያ ድምፃቸው፣ «ቲቸር ስንዱ፣ እባክዎን ተመልሰው ያስተምሩልን» አሉ።

«አስብበታለሁ» አልኩ።

ስወጣ ወይዘሮ ዘሐራ በሩ ላይ ነበሩ። ዝቅ ብዬ፣ ማንም እንዳይሰማ፣ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ግቢያቸው ውስጥ ይገኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «የመጡ ዕለት አስጠርጌዋለሁ» አሉኝ።

ይህን የምጽፈው አዳማ ነው፤ እሑድ ተነስቼ ሰኞ ገባሁ። ዶሮዎቹን ለጎረቤቴ ልጅ ሰጥቻታለሁ። የቆላ ልብሶቼን ማን ይወስዳቸዋል እያልኩ ነው።